የጥቁር ሕዝብ የታሪክ መታሰቢያ ስለ ምን በየካቲት ሆነ

ማናቸውም መታሰቢያ ቀንና ወር ሲወሰንለት፥ ወሳኙ ሰው ወይም ጉባኤ አንድ ምክንያት ይዞ ነው እንጂ እንዲያው ዕጣ ጥሎ አይደለም። ነገር ግን ከዘመን ብዛት የተነሣ ምክንያቱ ይረሳና በዓሉ ብቻውን ይቀራል። በኋላ የሚነሣውም ትውልድ በዓሉን በደስታ ያከብራል፤ ስለ ምን በዚህ ወር ሆነ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ከልቡ የመሰለውን አመንጭቶ ይመልሳል። በአሜሪካ የሚኖረው ጥቁር ሕዝብ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ወር የሚያደርገው የታሪክ መታሰቢያ የደረሰበት ነገር ይኸው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ ይሰማል። አንደኛው ከአሜሪካ የሚመጣ ሲሆን የቅሬታ ቃል ያለበት ነው፤ ይኸውም ለጥቁር ሕዝብ ከወሮች ሁሉ አጭሩ ወር ተመርጦ ተሰጠው የሚል ነው። ሁለተኛው በአገር ውስጥ አንዳንድ ጊዜ የሚነገረው ነው፤ ይኸውም ወሩ የተመረጠው ለዓድዋ ድል ክብር ነው የሚል ነው። የመጀመሪያው መልስ ከቍጣ፥ ሁለተኛው ከፍቅር የተወለደ ነው። ሁለቱም ግን የተደረገውን ነገር አይገልጡም። ለሹማምንትና ለመምህራን የሚያስፈልገው የተደረገው ነገር ስለ ሆነ፥ እርሱን ከሥሩ መመልከት ይገባል። (በውጭ አገር የሆነው ነገር ዘመኑ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር፥ በኢትዮጵያ የሆነው ደግሞ እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ተጽፎአል፤ ሁለቱን መደባለቅ ብዙ ስሕተት ሲያመጣ ታይቶአልና።)

መታሰቢያውን ያቆመው ሰው ካርተር ውድሰን ይባላል። በ1875 በቨርጂኒያ ተወለደ። አባቱና እናቱ ሁለቱም በባርነት የኖሩ ነበሩ። ልጁ በድህነት ምክንያት በጊዜው በሚገባ ሊማር ስላልቻለ፥ በዌስት ቨርጂኒያ ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል እየቈፈረ ኖረና ዕድሜው ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ገባ። ያ ትምህርት ቤት በፍሬድሪክ ዳግላስ ስም የተሰየመ ነበረ፤ ይህ ስም በኋላ ከሚነገረው ነገር ጋራ የሚገናኝ ነውና ልብ ሊሉት ይገባል። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን እያሳደገ ሄዶ በ1912 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ትምህርት የዶክቶርነት ማዕርግ ተቀበለ። ከጥቁሮች አሜሪካውያን መካከል በዚያ ዩኒቨርሲቲ ከእርሱ በፊት ይህን ማዕርግ ያገኘ ዱ ቦይስ ብቻ ነበረ።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚነበቡት የታሪክ መጻሕፍት ጥቁሩን ሕዝብ ወይ ፈጽመው አያነሡትም ነበር፥ ወይም የሚያነሡት ስለ ባርነቱ ብቻ ነበር። የውድሰን አሳብ አጭርና ግልጥ ነበረ። የተጻፈ መዝገብ የሌለው ሕዝብ በዓለም አሳብ ውስጥ እንደ ሌለ ይቈጠራል፤ እንደ ሌለ የተቈጠረ ሕዝብም የሚጠፋበት ቀን ሩቅ አይደለም ብሎ ያምን ነበረ። ስለዚህ በ1915 በሺካጎ ከተማ ከጥቂት ሰዎች ጋራ ሆኖ የጥቁርን ሕዝብ ኑሮና ታሪክ የሚመረምር ማኅበር አቆመ፤ በ1916 ደግሞ የማኅበሩን መጽሔት ማሳተም ጀመረ።

ነገር ግን ሊቃውንት የሚጽፉት መጽሔት በሊቃውንት እጅ ብቻ እንደሚቀር ውድሰን ቶሎ ተረዳው። አራሹና የልብስ አጣቢዋ፥ ከሁሉም በላይ በመንደር ትምህርት ቤት የተቀመጠው ሕፃን፥ መጽሔቱን አያገኙትም። በ1924 እርሱ የሚያውቃቸው የተማሪዎች ማኅበር አባሎች በእርሱ ምክር አንድ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ሳምንት አድርገው ነበር። በ1926 ግን ራሱ ያቆመው ማኅበር ነገሩን በእጁ ያዘና በፌብሩዋሪ ሁለተኛ ሳምንት የመጀመሪያው «የኔግሮ ታሪክ ሳምንት» ተከበረ።

እንግዲህ በመጀመሪያ የተመረጠው ወር አይደለም፤ ሳምንት ነው። ነገሩን ሁሉ የሚፈታው ይህ ነው። ውድሰን ስለ ወሩ ርዝመትና እጥረት አላሰበም፤ ያሰበው በዚያ ሳምንት ውስጥ ስለሚውሉት ሁለት ቀኖች ነበረ።

የመጀመሪያው ቀን የአብርሃም ሊንከን ልደት ነው፤ ሊንከን የተወለደው በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 ነው። በ1863 ለባሮች የነጻነት ዐዋጅ አውጥቶ በ1865 በሰው እጅ ከተገደለ በኋላ፥ ነጻ የወጡት ጥቁሮች ልደቱን በየዓመቱ ማክበር ለመዱ። ሁለተኛው ቀን የፍሬድሪክ ዳግላስ ነው፤ እርሱም በሜሪላንድ በባርነት ተወልዶ፥ በ1838 ከጌታው አምልጦ፥ በንግግሩና ባወጣው ጋዜጣ ባርነትን ሲዋጋ የኖረ ታላቅ ሰው ነው። የእርሱ ልደት የሚታሰበው በፌብሩዋሪ 14 ቀን ነው።

በዚህ በሁለተኛው ቀን ላይ ጥቂት መቈየት ይገባል። ዳግላስ የተወለደበትን ቀን አያውቅም ነበረ። ባሪያ የሆነ ሰው የልደት ቀኑን የሚነግረው የለም፤ ዕድሜውም የሚቈጠረው በዘር ጊዜና በመከር ጊዜ ነበርና። እናቱ በሌላ እርሻ ትሠራ ስለ ነበረ ልጅዋን የምታየው በጥቂት ሌሊቶች ብቻ ነበረ፤ ገና ሕፃን ሳለም ሞተችበት። ሰዎች በፌብሩዋሪ 14 ቀን በቅዱስ ቫለንታይን ስም የሚያደርጉት በዓል አለና፥ እናቱ በዚያ ስም በፍቅር ትጠራው እንደ ነበረ በማስታወስ ዳግላስ ይህን ቀን ልደቴ ይሁን ብሎ እንደ መረጠው ይነገራል። እስከ ሞተም ድረስ ትክክለኛ ዕድሜውን ለማወቅ ሲፈልግ ኖሮ ሳያገኘው ቀረ። እርሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ግን የጌታው የንብረት መዝገብ ተመርምሮ የዳግላስ ስም ከእናቱ ስም ጋራ ተጽፎ ተገኘ፤ ወሩም ፌብሩዋሪ 1818 ተብሎአል። ቀኑ አልተጻፈም። እንግዲህ ቀኑ ራሱ የመረጠው ሲሆን፥ ወሩን ያረጋገጠለት ግን እንደ ከብት ይቈጥሩት የነበሩት ሰዎች መዝገብ ሆነ። መዝገብ ያለው ሰው ሌላውን ሕዝብ እስከ ልደቱ ድረስ እንደሚገዛ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ዳግላስ በፌብሩዋሪ 20 ቀን 1895 ዐረፈ። ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው ማለት ነው፤ የድሉን ወሬ ሳይሰማ ሄደ። ከሞተ በኋላ በ1897 በዋሽንግተን ከተማ የትምህርት ጉባኤ አባል የነበረችው ሜሪ ቸርች ቴሬል የተባለች ሴት በጥቁሮች ትምህርት ቤቶች የዳግላስ ቀን እንዲከበር አስወሰነች። ስለዚህ ውድሰን በ1926 ሲነሣ ሁለቱ ቀኖች አስቀድመው በሕዝቡ ልማድ ገብተው ነበር። ውድሰን የቈየውን ልማድ አላፈረሰም፤ አዲስ ቀን ፈጥሮም ሕዝቡን ልመዱልኝ አላለም። በቈየው ልማድ ላይ አዲስ ሥራ ጨመረበት እንጂ። ይህ አደራረግ የብልኅ ሰው አደራረግ ነው፤ ከላይ በትእዛዝ ብቻ የሚቆም በዓል እንዴት ቶሎ እንደሚደክም የሚያውቅ ሰው ያደረገው ነው። ይሁን እንጂ ዓላማው ሁለቱን ሰዎች ማመስገን ብቻ አልነበረም። ታሪክን የሚሠሩት ሁለት ታላላቅ ሰዎች ሳይሆኑ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ሕዝብ ነው ብሎ ያምን ስለ ነበረ፥ የሕዝቡን ዓይን ከሁለቱ ልደቶች ወደ ሕዝቡ ወደ ራሱ ታሪክ ሊመልሰው ይፈልግ ነበረ።

በአብነት ትምህርት ያደገ ሰው አንድ ልዩነት ያስተውላል። በስንክሳር የቅዱሳን መታሰቢያ የሚነበበው አብዛኛውን ጊዜ በዕረፍታቸው ቀን ነው፤ በልደታቸው የሚታሰቡት ጥቂቶች ናቸው። ኢትዮጵያም ለአገር ጉዳይ የምታስባቸው የየካቲት ቀኖች የልደት ቀኖች አይደሉም፤ አንዱ የሥራ ቀን፥ አንዱ የሞት ቀን ነው። አሜሪካውያን ግን በልደት አቆሙት፤ ከሁለቱም ልደቶች አንዱ በእርግጥ ያልታወቀ ነው። ልዩነቱ ከሃይማኖት ሥርዓት ይልቅ ከአገር ልማድ የመጣ ይመስላል፤ በአሜሪካ የመሪዎችን ልደት ማክበር የቈየ ነገር ነውና።

ሳምንቱ እንዴት እንደ ተስፋፋ ማወቅ ለሹማምንትም ለካህናትም ይጠቅማል። በመጀመሪያው ዓመት የሰሜን ካሮላይና፥ የደላዌርና የዌስት ቨርጂኒያ የትምህርት መሥሪያ ቤቶች፥ እንዲሁም የባልቲሞርና የዋሽንግተን ከተሞች የትምህርት ሹሞች ነገሩን ተቀብለው ለመምህራን አስታወቁ። አብያተ ክርስቲያናትም ጽሑፉን ለምእመናን በማደል ብዙ ረዱ። የውድሰን ማኅበር ባዶ ቃል አላከም፤ ለመምህራን የትምህርት ዝርዝር፥ የታላላቅ ሰዎች ሥዕልና ለልጆች የሚሆን አጭር ታሪክ እያዘጋጀ ይልክ ነበር። አንድ መምህር የካቲት ሲመጣ ምን ላስተምር ብሎ እንዳይጨነቅ መሣሪያው ቀድሞ ይደርሰው ነበር። በዓልን ከንግግር የሚለየው ይህን የመሰለ ዝግጅት ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚጐድለው እርሱ ነው።

ውድሰን በ1950 ዐረፈ። ሳምንቱ ወደ ወር የተለወጠው ከእርሱ በኋላ ነው። በ1970 በኦሃዮ ክፍለ አገር በኬንት ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተማሪዎችና መምህራን ወሩን ሙሉ አከበሩት፤ የመጀመሪያው ሳምንት ሃምሳኛ ዓመት በሆነበት በ1976 ራሱ ማኅበሩ ሳምንቱን ወደ ወር አሳደገው፤ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድም በዚያው ዓመት የደስታ መልእክት አስተላለፉ። በ1986 ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት በሕግ አጸናው። እንግዲህ ሳምንት ሲያድግ በዙሪያው ያለውን ወር ይዞ አደገ፤ ያ ወር 28 ቀን መሆኑ ሮማውያን በጥንት ዘመን ያደረጉት ነው እንጂ ማንም በጥቁር ሕዝብ ላይ የሠራው ተንኰል አይደለም። የቅሬታው ቃል ብዙ እውነተኛ በደል ካየ ሕዝብ ስለሚወጣ አያስገርምም፤ ይሁን እንጂ በዚህ ነገር ላይ የሚከሰስ ሰው የለም። ወሩን የመረጠው ራሱ ጥቁር ሰው ነውና።

ከዚህም በላይ ውድሰን ሳምንቱ ለዘላለም እንዲኖር አልፈለገም። የጥቁር ሕዝብ ታሪክ በዓመቱ ሁሉ ከሌላው ታሪክ ጋራ በትክክል የሚነገርበት ቀን ሲመጣ ለብቻው የተለየው ሳምንት አያስፈልግም ብሎ ተስፋ ያደርግ ነበር። ያ ቀን አልመጣም፤ በምትኩ ሳምንቱ ወር ሆነ። ይህ ዕድገት ነው ወይስ የተስፋው መዘግየት ነው የሚለውን አንባቢ ይመዝነው።

ሌሎች አገሮች ሌላ ወር መርጠዋል። በእንግሊዝ አገር በ1987 ከጋና የመጣው አኪያባ አዳይ ሴቦ ተመሳሳይ መታሰቢያ ሲያቆም የኦክቶበርን ወር ወሰደ፤ የትምህርት ዓመት የሚጀመርበት ጊዜ ስለ ሆነ የልጆች ልብ ገና ያልደከመ ነው ተብሎ ነው። በካናዳ በ1995 ዢን ኦገስቲን የተባሉት የምክር ቤት አባል ባቀረቡት አሳብ የአሜሪካው ወር እንዳለ ተወሰደ። ከዚህ የሚታየው ወሩ የምክንያት ልጅ መሆኑን ነው፤ ምክንያቱ ሲለወጥ ወሩም ይለወጣል።

በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ የመከላከያ መሥሪያ ቤት እንዲህ ላሉ መታሰቢያ ወሮች የመንግሥት ጊዜና ገንዘብ እንዳይውል አዘዘ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ፕሬዚዳንቱ የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ወርን የሚያስታውቅ ዐዋጅ ፈረሙ። አንዱ መንግሥት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ቃል ተናገረ ማለት ነው። ሆኖም በዓሉ ከመንግሥት ካዝና ያልተወለደ ስለ ሆነ በካዝና መዘጋት ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ከ1926 እስከ 1976 ድረስ ሃምሳ ዓመት የኖረው በመምህራንና በአብያተ ክርስቲያናት ድካም ነበረና። የመጀመሪያው ሳምንት መቶኛ ዓመት የሚውለው በ2026 ነው፤ ይኸውም በኢትዮጵያ አቈጣጠር በየካቲት 2018 ዓ. ም. መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር እንመለስ። በዚህ ዘመን ፌብሩዋሪ 8 ቀን የካቲት 1 ቀን ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት ግን አንድ ቀን ይገፋል። በዚህ ሒሳብ የሊንከን ልደት በየካቲት 5፥ የዳግላስ መታሰቢያ በየካቲት 7 ይውላል። ስለዚህ ውድሰን የመረጠው ሳምንት በኢትዮጵያ ከየካቲት መባቻ ጋራ ይገጥማል። የካቲት 12 ቀን፥ የሰማዕታት ቀን፥ በፌብሩዋሪ 19 ወይም 20 ስለሚሆን ከአሜሪካው ወር ውስጥ ይገባል። የዓድዋ ቀን የካቲት 23 ግን በማርች 2 ይውላልና በሁለት ቀን ያመልጠዋል። በድሉ ዓመት በ1888 ደግሞ በማርች 1 ቀን ነበረ፤ የአንድ ቀን ልዩነት የመጣው ፈረንጆች በ1900 ዓመታቸው የፌብሩዋሪን ተጨማሪ ቀን ስላስቀሩ ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ይህን ያለ ችግር ያገኘዋል። የአሜሪካው ወር ለዓድዋ ተብሎ የተመረጠ ቢሆን ኖሮ የዓድዋን ቀን በውጭ ትቶ ባልወሰነ ነበር። የኢትዮጵያን ክብር ለመጨመር ተብሎ ያልተደረገውን ተደረገ ማለት አያስፈልግም፤ የዓድዋ ክብር በተውሶ ምስክር የሚቆም አይደለም።

ወሮቹ የተገናኙት እንዲያው በአጋጣሚ ቢሆንም፥ ሕዝቦቹ የተገናኙት ግን በአጋጣሚ አይደለም። የዓድዋ ወሬ ባሕር ተሻግሮ በሄደ ጊዜ በባርነት ማግሥት የሚኖሩት ጥቁሮች ሰሙት። ከሃይቲ የመጣው ቤኒቶ ሲልቬን ከድሉ በኋላ በ1889 ዓ. ም. ወደ አዲስ አበባ ገብቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋራ ተገናኘ፤ በ1900 በሎንዶን በተደረገው የመጀመሪያው የጥቁሮች ሕዝቦች ጉባኤም ላይ ተገኝቶአል። በኋላም አርኖልድ ፎርድና ሚኞን ፎርድ የተባሉ ከባርባዶስ የተወለዱ ሰዎች ኢትዮጵያን አገራችን ብለው መጡ፤ አርኖልድ በአዲስ አበባ ሞተ፥ ሚኞን ግን ቀርታ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም የሚጠራውን ትምህርት ቤት አቆመች። በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካን ታሪክ ያስተምር የነበረው ሊዮ ሃንስቤሪም በዚያ ሕክምና ይማር ከነበረው ከመላኩ በያን ጋራ በ1934 የኢትዮጵያን ታሪክ የሚያጠና ጉባኤ አቆመ። ዶክተር መላኩ በጠላት ወረራ ጊዜ በኒው ዮርክ ተቀምጦ በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር መሠረተ፤ አገሩ ነጻ ስትወጣ ግን ለማየት አልታደለም፤ በ1940 ዐረፈ።

ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች የአንዱ አፅም በጉለሌ ነው። ጆን ሮቢንሰን የተባለው አይሮፕላን ነጂ በ1903 በፍሎሪዳ ተወልዶ በሚሲሲፒ አደገ፤ በታስኪጊ ትምህርት ቤት የመኪና ሥራ ተማረ፤ በሺካጎ ጥቁርን አንቀበልም ይሉ ከነበሩት የበረራ ትምህርት ቤቶች ጋራ ታግሎ ነጂነትን ተምሮ ሌሎችንም አስተማረ። የኢጣሊያ ጦር መምጣት በታወቀ ጊዜ በዶክተር መላኩ አማካይነት ተጠርቶ በ1927 ዓ. ም. ወደ አዲስ አበባ መጣ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ. ም. የጠላት አይሮፕላኖች ዓድዋን ሲደበድቡ እርሱ በዚያው በዓድዋ ነበረ። መሣሪያ በሌላቸው ጥቂት አሮጌ አይሮፕላኖች መልእክትና መድኃኒት ወደ ጦር ሜዳ ሲያመላልስ፥ ብዙ ጊዜ በጠላት አይሮፕላኖች እየታደነ እስከ 1928 ዓ. ም. ሚያዝያ ገደማ ቈየ። የአሜሪካ ጥቁሮች ጋዜጦች «ቡናማው ኮንዶር» ብለው በታላቅ አሞራ ስም ጠሩት። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ. ም. ተመልሶ መጥቶ ኢትዮጵያውያን ነጂዎችን አስተማረ። በመጋቢት ወር 1946 ዓ. ም. የሚነዳው አይሮፕላን ወድቆ በደረሰበት ጕዳት መጋቢት 18 ቀን ሞተ፤ ለሕመምተኛ ደም ለማድረስ ሲበር እንደ ነበረ ይነገራል። በጉለሌ መካነ መቃብር ተቀበረ።

የጉለሌን ቀበሌ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ በአንድ ዓይን ወርድ ይገኛል። ከላይ በእንጦጦ ራስ ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ. ም. ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም አለች። ከሥር በኩል ወደ ስድስት ኪሎ ሲወረድ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. ግራዚያኒ ለድኾች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝብ የሰበሰበበት የገነተ ልዑል ግቢ፥ በፊቱም የሰማዕታቱ ሐውልት ቆሞአል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ከጣሉ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ የተገደለው ሕዝብ በኢትዮጵያ መንግሥት አቈጣጠር 30,000 ነው፤ በቅርብ ጊዜ ነገሩን በዝርዝር የመረመረው ኢያን ካምቤል የተባለው ጸሐፊ ደግሞ ወደ 19,000 ይገምተዋል። ቍጥሩ ያከራክር ይሆናል፤ የማያከራክረው ግን ከሞቱት መካከል በስም የሚታወቁት እጅግ ጥቂቶች መሆናቸው ነው። በመካከል በጉለሌ ስለ ኢትዮጵያ ብሎ ውቅያኖስ የተሻገረው ሰው መቃብር አለ። ታዲያ በአንድ ቀን በእግር ተዞሮ የሚታየውን ይህን ቦታ የጉለሌ ተማሪ እንደ አንድ ታሪክ አድርጎ ሊያውቀው አይገባምን?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይሸፈን መነገር አለበት። ኢትዮጵያ ከጥቁር ሕዝብ ታሪክ ውስጥ ስትገባ በዓድዋ በር ብቻ የምትገባ አይደለችም። ሊንከን ዐዋጁን ባወጣበት ዘመን በኢትዮጵያ ሰው ይሸጥና ይለወጥ ነበረ፤ ባርነትን የሚያጠፋው ሕግ በ1916 ዓ. ም. ተጀምሮ ፍጹም የሆነው ዐዋጅ የወጣው በ1934 ዓ. ም. ነው። ዳግላስ የልደት ቀኑን እንዳላወቀ ሁሉ፥ ከደቡብና ከምዕራብ እየተነዱ መጥተው በመኳንንት ግቢ ያገለገሉት ሰዎች ልደት በማን መዝገብ ይገኛል? የአብዛኛዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ በዚችው ከተማ ይኖራሉ። የታሪክ ወር የሚያከብር መምህር ይህን ምዕራፍ ቢዘለው ውድሰን ከታገላቸው መጻሕፍት ጸሐፊዎች ጋራ በአንድ ወንበር ተቀመጠ ማለት ነው።

በየካቲት 2016 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተከፍቶአል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ለእንግዳም ለአገር ልጅም የሚታይ ነው። ነገር ግን ሕንፃ የሚሠራው በገንዘብ ሲሆን መዝገብ የሚሠራው በጊዜ ነው፤ የዚህም ጊዜ እያለቀ ነው። በ1929 ዓ. ም. የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው በ2018 ዓ. ም. ዕድሜው ወደ መቶ ይጠጋል። በዓይኑ ያየ ምስክር ከጥቂት ዓመት በኋላ አይገኝም። የሚቀረው ከአባትና ከእናት የሰማ ልጅ ነው፤ እርሱም ሸምግሎአል። የተገደሉት ሰዎች ስም ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ ቤተ ዘመዶቻቸው በጸሎት እንዲታሰቡ ለካህናት የሰጡት የክርስትና ስም፥ በየቤቱ በዳዊት ልባስ ወረቀት ላይ የተጻፈው የሞት ቀን፥ በየመካነ መቃብሩ ያለው ጽሕፈት ገና አለ። ይህን ለመሰብሰብ የተሻለ እጅ ያላቸው የየአጥቢያው ካህናት ናቸው፤ ለማኖር የተሻለ ሣጥን ያላቸው የክፍለ ከተማውና የወረዳው ሹማምንት ናቸው። ውድሰን በ1926 በሰሜን ካሮላይና ያገኘው ሁለቱን እጆች ነበረ፤ የትምህርት ሹሙንና የቤተ ክርስቲያኑን አገልጋይ።

አንድ የሥርዓት ነገር ይቀራል። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀን ቀድሞ አይገባም፥ ከመጋቢት 5 ቀንም አያልፍም፤ ስለዚህ የካቲት 12 አንዳንድ ዓመት በጾም፥ አንዳንድ ዓመት በፍስክ ይውላል፤ የካቲት 23ም እንዲሁ ነው። በዚህ ምክንያት የአከባበሩ ዝግጅት ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ በጾም የዋለ እንደ ሆነ ግብዣውና ሰልፉ ይቀንሳል። ስም የመሰብሰቡ ሥራ ግን ጾምና ፍስክ አይለይበትም። ከጥር 24 ቀን ጀምሮ፥ ይኸውም ፌብሩዋሪ በሚገባበት ዕለት፥ የየትምህርት ቤቱ መምህር ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ደብተር ሰጥቶ ከቤተ ዘመዱ የአንድ ሟች ስም፥ የሞተበትን ቦታና የነገረውን ሰው ስም አጽፎ እስከ የካቲት 12 ቢያመጣ፥ ደብተሮቹም በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ከሚገኘው ጽሑፍ ጋራ ተመዛዝነው በወረዳው መዝገብ ቤት ቢቀመጡ፥ ወጪው ከደብተርና ከእርሳስ አያልፍም።